ባልና ሚስት ያኳረፈው ቻርጀር

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ላፕቶፕ ነው። «እንዴ! ይሄ ገጽ የትዳርና የኑሮ ገጽ አይደለም ወይ? ላፕቶፕ ምን ሊሠራ እዚህ መጣ?» የምትሉኝ አትጠፉም። እስቲ ታገሱኝ። ነገሩ የሚነሳው ከትዳር ነው። ላፕቶፑ በመሀል ገባ፤ እኔም አማካሪ ነኝ ብዬ በመሀል ገባሁ፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ሳስበው አሁንም አንገቴን ያስደፋኛል።

አንድ ወዳጅ አለኝ፤ ሠርግ የሚቀርጽ። ሚስቱ የባልትና ሱቅ አላት። ሁለቱንም ከልጅነቴ ጀምሮ ስለማውቃቸው ስማቸውን ቀርቶ ሰፈራቸውን እንኳ አልናገርም። ባለፈው ኅዳር ለሚስትየዋ ዕቁብ ወጣላት። ኅዳር ደግሞ ባልትና ለያዘ ሰው የበርበሬ ወቅት ነው፤ ያን ጊዜ በጅምላ ያልገዛ ክረምት ላይ ሲያለቅስ ይገኛል። እሷ ግን የባሏ አሮጌ ኮምፒውተር በየአምስት ደቂቃው ቀጥ እያለ ሰውየው ጠጉሩን ሲነጭ ስታይ ጊዜ፣ «በቃ የዘንድሮ በርበሬ ይቅርብኝ፤ ላንተ ማሽን ይሁን» አለችው። ይቺን ልብ በሉልኝ። ላፕቶፑ የተገዛው በበርበሬ ነው።

ሰውየው ገንዘቡን ይዞ ወደ እኔ መጣ። «አንተ መቼም ታነባለህ፤ ምረጥልኝ» ይለኛል። እኔ እንግዲህ ከ12ኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው ነኝ፤ ኮምፒውተር የተማርኩት በየኢንተርኔት ቤቱና በየጓደኛ ቤት እየነካካሁ ነው። ግን «አላውቅም» ማለት ለጋዜጣ ጸሐፊ እንዴት እንደሚከብድ አትጠይቁኝ!

ያማከርኩት ነገር በመሠረቱ ስህተት አልነበረም። «አዲስ ቀጭን ላፕቶፕ ከምትገዛ ያገለገለ ወርክስቴሽን ግዛ» አልኩት። ወርክስቴሽን የሚባሉት ለመሐንዲስ፣ ለአርክቴክትና ለፊልም ሠሪ ታስበው የሚሠሩ ከባድ ላፕቶፖች ናቸው። ዴል «ፕሪሲዥን»፣ ኤችፒ «ዜድቡክ»፣ ሌኖቮ ደግሞ «ቲንክፓድ ፒ» ይላቸዋል። ውጭ አገር ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ጥቂት ዓመት ይሠሩባቸውና በጅምላ ያስወግዷቸዋል፤ ከዚያ በዱባይም በአሜሪካም ዞረው እኛ ገበያ ይደርሳሉ። ወፍራም ናቸው፣ ትከሻ ይጎትታሉ፣ ካፌ ቁጭ ብሎ ለመታየትም አይሆኑም። ነገር ግን በብሎን ይፈታሉ፤ ብዙዎቹ ራም የሚጨመርበት ሁለት፣ አንዳንዶቹም አራት ቦታ አላቸው፤ ሁለት ዲስክ የሚይዙ አሉ፤ ማቀዝቀዣቸውም ከቀጭኖቹ የተሻለ ነው።

ፕሮሰሰሩንም ቢሆን ደህና አድርጌ ነው የመረጥኩለት። ሰው ሁሉ «አይ ሰቨን ነው ወይ?» ብሎ ብቻ ይጠይቃል። ስሙ መጨረሻ ላይ ያለችውን ፊደል የሚያይ የለም። በኢንቴል ላፕቶፖች ላይ «ዩ» ካለች፣ ባትሪ ለመቆጠብ ተብሎ በ15 ዋት ገደማ እንዲሠራ የታሰበ ነው። «ኤች» ከሆነች 45 ዋት፣ «ኤችኤክስ» ከሆነች 55 ዋት ነው መነሻው። ሰዓታት ለሚፈጅ ሥራ «ኤች» ያለበት አይ ፋይቭ፣ «ዩ» ያለበትን የዚያኑ ዘመን አይ ሰቨን ጥሎት ሊሄድ ይችላል። እኛ ያገኘነው ስምንተኛ ትውልድ፣ ባለ ስድስት ኮር፣ «ኤች» ያለበት አይ ሰቨን ነው። ስምንተኛ ያልኩትም ያለ ምክንያት አይደለም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ቆሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴሎቹ በይፋ የሚቀበለው፣ ጥቂቶች ሲቀሩ፣ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው። ግራፊክስ ካርዱም 4 ጊጋ የራሱ ሜሞሪ ያለው ነበር። አየሁት፣ ደስ አለኝ።

ሻጩ አበራው፤ በራ። ቪዲዮ ከፈተ፤ ሄደ። ቻርጀሩን በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠን። ተጨባብጠን ወጣን። ቻርጀሩን ግን… አላየሁትም።

ጥር ገባ። ወዳጄ አራት ሠርግ ይዟል። ከአራቱ የአንደኛው ሙሽሮች ዓርብ ማታ ወደ ውጭ የሚበሩ ናቸው፤ አጭሩን ፊልም ይዘው መሄድ አለባቸው፤ ቀብድም ተቀብሏል። ማሽኑ ታዲያ ሲጀምር እንደ ነፋስ ይሄድና ጥቂት ቆይቶ እንደ ደከመ አህያ ይቆማል። የአሥር ደቂቃ ፊልም ለማውጣት ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል። ሰውየው ስቱዲዮ ማደር ጀመረ።

አንድ ማታ አራት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ሚስቱ ናት።

«አንተ፣ ይቺ ሬንደር የምትባለው ማን ናት?»

«ምን?»

«ባለቤቴ በየሌሊቱ ከሷ ጋር ነው የሚያድረው። ስደውል ‹ሬንደር ላይ ነኝ› ይለኛል።»

እየቀለደች መሆኑ ገባኝ። ቀልዱ ግን ደረቅ ነው፤ ከስሩ ሌላ ነገር አለው። ትንሽ ዝም አለችና «በርበሬዬን የበላው ማሽን ከአሮጌው አይሻልም እያለኝ ነው። እንግዲህ ወይ ማሽኑ ውሸት ነው፣ ወይ እሱ ይዋሸኛል፣ ወይ አንተ አታውቅም» አለችኝ። ለሦስት ቀን እንዳልተነጋገሩም የሰማሁት ያን ማታ ነው።

በማግስቱ ማሽኑን ይዘን ሰፈራችን ያሉ አንድ ጋሼ ጋ ሄድን። ጋሼ ድሮ ራዲዮና ቴፕ ይጠግኑ ነበር፤ ዛሬ በዚያችው ጠባብ ሱቅ ላፕቶፕ ይከፍታሉ። እኔ ስለ ፕሮሰሰሩ ላስረዳቸው ስጀምር በእጃቸው አስቆሙኝና «ቻርጀሩስ?» አሉ። ሰጠናቸው። መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉና መልሰው ለእኔ ሰጡኝ።

«ማንበብ ትችል የለም? በል ጀርባውን አንብብልኝ።»

«19.5 ቮልት፣ 4.62 አምፔር።»

«አባዛው።»

ስልኬን አውጥቼ አባዛሁት። «90።»

«90 ዋት ነው። አሁን ደግሞ የላፕቶፑን ሆድ አንብብ።»

ገለበጥነው። ቮልቱ ያው 19.5 ነው፤ አምፔሩ ግን 12.3 ይላል። 240 ዋት!

«አንተ ልጅ» አሉኝ ጋሼ፣ «ድንኳን ሙሉ እድምተኛ በአንድ ጀበና ልታጠጡ ነው እንዴ ያሰባችሁት?»

ይኸውላችሁ፣ ጉዱ ይሄ ነው። የቻርጀሩ ጫፍ አንድ ዓይነት ስለሆነ ይገባል። ቮልቱ አንድ ስለሆነ ያበራል። ኢንተርኔት ለመክፈት፣ ጽሑፍ ለመጻፍ ይበቃል፤ ሱቅ ውስጥ አምስት ደቂቃ ሲታይም ምንም አያሳብቅም። ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ አንድ ላይ መሥራት ሲጀምሩ ነው ጉልበቱ የሚያጥረው። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ባትሪው እያገዘ ይሸፍናል፤ ባትሪው ሲዳከም ማሽኑ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ጋሼ የዊንዶውሱን ታስክ ማናጀር ከፍተው አሳዩን፤ 2.6 ጊጋኸርትዝ መነሻ ያለው ፕሮሰሰር 0.79 ላይ ተኝቷል። ስድስቱም ኮር።

የሚያናድደው ደግሞ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ይናገር ነበር። ጥቁር ስክሪን ላይ በእንግሊዝኛ «የሰካኸው ቻርጀር ከሚያስፈልገኝ ያነሰ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ወዳጄን ጠየቅኩት። «እሱማ ሁሌ ይመጣል፤ ስነካው ይጠፋል» አለኝ። ሁለት ወር ሙሉ!

ስለዚህ አንባቢዎቼ፣ ያገለገለ ትልቅ ላፕቶፕ የምትገዙ ሰዎች፣ ከፕሮሰሰሩ በፊት ቻርጀሩን ገልብጡ። ቮልቱ ከላፕቶፑ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ አይብለጥም አይነስም። አምፔሩ ግን እኩል ወይም የበለጠ ቢሆን ምንም አይልም፤ ማሽኑ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው የሚስበው። በብዙዎቹ ላፕቶፖች ማሽኑ ቻርጀሩን የሚያውቅበት መንገድ ስላለው፣ የማይታወቅ አስመስሎ የተሠራ ቻርጀር ቁጥሩ ልክ ቢሆን እንኳ ማሽኑ ላያምነው ይችላል። ያን ጊዜም ያው ቀርፋፋነት ነው። እንደ ስልክ በዩኤስቢ-ሲ የሚሞሉትንም ተጠንቀቁ። ብዙ ጊዜ የምታገኟቸው 65 ወይም 100 ዋት ናቸው፤ 240 ዋት የሚያደርሰው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፤ ማሽኑም ገመዱም ቻርጀሩም ሦስቱም ያንን የሚችሉ መሆን አለባቸው። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ደግሞ ትራንስፎርመር ለመግዛት አትሩጡ። ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካለ የእኛን 220 ይችላል፤ የሚለወጠው ሶኬት የሚገባው ገመድ ብቻ ነው።

ቻርጀሩን ለማስለወጥ የሄደችው ሚስቱ ናት። እኔም አጃቢ ሆኜ ሄድኩ። ሻጩ «እመቤቴ፣ ገብቶ ካበራ ምን ጎደለው?» አላት።

«እኔም ግማሽ ኪሎ በርበሬ መዝኜ ኪሎ ነው ብልህ ያው ቀይ ነው» አለችው።

ሱቅ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። ትንሽ ልዩነት ከፍላ 240 ዋቱን ይዛ ወጣች። ይሄን ቻርጀር ብታዩት ግማሽ ጡብ ነው የሚያክለው፤ ክብደቱ ራሱ ይመሰክራል።

ጋሼ ግን በዚያ አላበቁም። የባትሪውን ሪፖርት አወጡ። ዊንዶውስ ባትሪው ሲሠራ የነበረውን አቅምና ዛሬ የሚይዘውን ጎን ለጎን ያወጣል፤ ሻጩን «ይህን አውጣልኝ» ማለት መብታችሁ ነው። የእኛ 97 ዋት-ሰዓት ሆኖ ተሠርቶ 40 ነበር የቀረው። ምትክ ባትሪ ከውጭ በሰው የምታስመጡ ከሆነ፣ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ እንዳይሆን ንገሩት። አየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ የሚቀበሉት እስከ 100 ዋት-ሰዓት ነው፤ የትልልቅ ላፕቶፖች ባትሪ ከ100 በታች የሚቆመውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ ራም። ታስክ ማናጀር ውስጥ ሜሞሪ የሚለው ጋ ስትገቡ ከስንት ቦታ ስንቱ እንደተያዘ ይናገራል። የእኛ ከአራቱ አንዱ ብቻ፤ አንዲት 16 ጊጋ። ይሄም የእኔ ጥፋት ነው፤ «16 ነው?» ብዬ ጠየቅኩ እንጂ «በስንት ተከፍሎ?» አላልኩም። ሁለት እኩል ራሞች በየመስመራቸው ሲገቡ ፕሮሰሰሩ በሁለት በር ይቀዳል፤ በአንዲት ራም አንዱ በር ዝግ ነው። ባለ 4ኬ ቪዲዮ ለሚቆርጥ ሰው 32 ጊጋ ቢሆን ይመረጣል። ዲዲአር4 ዲዲአር5 ቦታ አይገባም፤ ስለዚህ አሮጌዋን ይዛችሁ ሂዱና ተመሳሳይዋን ግዙ። እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ማዕከላት ሜሞሪውን እየጠራረጉት ዋጋው በዓለም ገበያ ንሯል። ቀጭን ላፕቶፕ የምትገዙ ሰዎች፣ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ከሆነ በኋላ መጨመር የሚባል ነገር ስለሌለ ገና ሲገዛ ነው ማሰብ።

አሁን ወደ ዋናው ስህተቴ ልምጣ። ቻርጀሩ ከተለወጠ በኋላም ፊልሙ ሲቆረጥ ይንገጫገጭ ነበር። ለምን? የወዳጄ ካሜራ «10 ቢት 4:2:2» በሚባለው ዓይነት ነው የሚቀርጸው። ይህ ቀለም በብዛት የሚይዝ አቀራረጽ ነው፤ የሙሽሪትን ጥለት ለማሳመር መልካም፣ ለኮምፒውተር ግን ራስ ምታት። የታመቀውን ምስል የሚፈታው በፕሮሰሰሩ ወይም በግራፊክስ ካርዱ ውስጥ ያለ ለዚሁ የተሠራ ክፍል ነው። ኢንቴል የኤች.265ን 4:2:2 በዚህ ክፍል መፍታቱ በላፕቶፖቹ ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ የተለመደ ሆነ፤ ኤንቪዲያ ግን እ.ኤ.አ. በ2025 የወጡት የ50 ተከታታይ ካርዶች እስኪመጡ ድረስ 4:2:2ን አልነካም። ስለዚህ በጣም ውድ የሆነ የ2022 ካርድ የተሸከመ ማሽን፣ ለዚህ አንድ ሥራ ከአንድ ተራ 11ኛ ትውልድ ሊያንስ ይችላል ማለት ነው። እኔ የወዳጄን ካሜራ ምን እንደሚቀርጽ ሳልጠይቅ ነበር ካርድ የመረጥኩት። ለምን ሥራ እንደሆነ ሳያውቁ ማሽን መምረጥ የእግሩን ቁጥር ለማታውቁት ሰው ጫማ እንደ መግዛት ነው።

መፍትሔው ግን ገንዘብ አልጠየቀም። «ፕሮክሲ» ይባላል። ሶፍትዌሩ ከእያንዳንዱ ቪዲዮ ቀላል ቅጂ ያዘጋጃል፤ ሰውየው በቀላሉ ቅጂ ይቆርጣል፤ በመጨረሻ ሲወጣ ከዋናው ይወጣል። ማታ ሲተኛ ፕሮክሲውን አዝዞ ይተኛል። ቤቱ ይተኛል ማለቴ ነው!

ስለ ግራፊክስ ካርድ ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር። በላፕቶፕ ላይ ስሙ አንድ የሆነ ካርድ ጉልበቱ አንድ አይደለም። ለምሳሌ አርቲኤክስ 4060 እንደ ላፕቶፑ ከ35 እስከ 115 ዋት ሊሰጠው ይችላል። ስለዚህ የካርዱን ስም ብቻ ሳይሆን «ስንት ዋት ነው የተፈቀደለት?» በሉ። ሻጩ ግራ ቢገባው አትፍረዱበት፤ እኔም ግራ ገብቶኝ ነበር።

ዲስክ ላይም ተመሳሳይ መልክ ያላቸው ሁለት ዓይነቶች አሉ። እንደ ማስቲካ ቀጭን የሆነችው ኤስኤስዲ «ሳታ» ከሆነች በሰከንድ 550 ሜጋባይት ገደማ፣ «ኤንቪኤምኢ» ከሆነች በሦስተኛው ትውልድ እንኳ እስከ 3,500 ታነባለች። ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጡ ባለ 2 ቴራ ፍላሾችን ግን ተዉአቸው። ብዙዎቹ ውስጣቸው ትንሽ ነው፤ ሞልተው ሲያበቁ አዲሱን በአሮጌው ላይ ይጽፋሉ። የሰው ሠርግ ድጋሚ አይቀረጽም። ወዳጄ አሁን ሁለት ውጫዊ ሀርድ ዲስክ አለው፤ አንዱ ስቱዲዮ፣ አንዱ ባልትናው ሱቅ፣ ከበርበሬው ራቅ ብሎ።

ሙቀትን በተመለከተ ጋሼ ጀርባውን ፈትተው ያሳዩንን አቧራ ብታዩ ጥጥ ነው የምትሉት፤ ፋኑን አፍኖታል። አጸዱት፣ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መሀል የደረቀውን ቅባት ለወጡት። «ከስር የሚነፋ ማራገቢያ ልግዛ ወይ?» አላቸው ወዳጄ። «መጀመሪያ አልጋ ላይ አትሥራበት» አሉት። ከኋላ ሁለት የጠርሙስ ቡሽ አስገብተው ከፍ አደረጉለት። በቃ።

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑን ባትሪው ያቆየዋል፤ የሚጎዳው ከግድግዳ መብራት የሚጠቀመው ትልቁ ዲስክና ተጨማሪው ስክሪን ነው። ዩፒኤስ ካስፈለገ «650 ቪኤ» የሚለውን 650 ዋት እንዳይመስላችሁ፤ ብዙ ጊዜ 400 እንኳ አይሞላም። አቅም ከሌለ፣ መብራት ሲጠፋ ነቅላችሁ መጥቶ ከተረጋጋ በኋላ ስኩ።

አንድ ነገር ረስቼ። ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ማሽኑን አጥፍታችሁ አስነሱና ባዮስ ውስጥ ግቡ። ፓስወርድ ከጠየቀ፣ የቀድሞው መሥሪያ ቤት ቆልፎት ነው የሄደው፤ ስጦታ እንኳ ቢሆን አትቀበሉ።

ፊልሙ ሐሙስ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ አለቀ። ሌሊቱን ሙሉ ይፈጅ የነበረው፣ ወዳጄ እንዳለኝ፣ ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ሙሽሮቹ ዓርብ ይዘውት በረሩ፤ ሰውየውም ቤቱ አደረ።

ባለፈው ሳምንት ሽሮ ልገዛ ሱቋ ጎራ ብዬ ነበር። «ሁለተኛዋ ራም መቼ ነው ይለኛል» አለችኝ። «የመጪው ኅዳር ዕቁብ ግን የበርበሬ ነው፤ ንገረው።» አንድ ኪሎ ሽሮ መዘነችልኝና ሚዛኑን ወደ እኔ አዙራ «በል አንብበው» አለችኝ።